ዲስኩ ሲሞላ ማን ይውጣ?

ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ የገዛ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ባለጸጋ ነው። ጎተራው ሰፊ፣ እህሉ ጥቂት። ኮምፒውተሩን «በራስህ ጊዜ ባክአፕ እያደረግህ አስቀምጥ» ብሎ ያዝዘዋል፤ ከዚያም ነገሩን ይረሳዋል። ወራት ያልፋሉ። አንድ ቀን «ዲስኩ ሞልቷል» የምትል መልእክት ብቅ ትላለች። የባሰው ደግሞ ምንም መልእክት የማይመጣበት ነው፤ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ የቆየውን እየጣለ አዲሱን ያስገባል።

በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ስንት ጊጋ ልጨምር?» ብለን ነው። እኛ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ እናነሳለን፦ ቦታ ሲጠብ ማን ይውጣ? የሚወጣውንስ ማን ይምረጥ? ጥያቄው የትናንት ልጅ አይደለም። ኮምፒውተር መረጃ ማስቀመጥ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ አለ፤ መልሱም በየዘመኑ ተቀያይሯል። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው ደግሞ ዛሬም ፎቶና ሰነድ የሚበላ አንድ ወጥመድ በቀላሉ ያልፋል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታ እንደ ወርቅ የሚመዘንበት ዘመን

ነገሩን ከ1956 እንጀምረው። አይቢኤም በዚያ ዓመት ራማክ የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ አብሮት የመጣው ማስቀመጫ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ሀርድ ዲስክ ነበር። እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ተደራርበው የተሠራ፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ የሆነ ማሽን ነው። ይህ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ብቻዋን ልትሞላው ትችላለች።

እንዲህ ባለ ውድ ዲስክ ላይ የዲስኩን ቅጂ ማስቀመጥ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ቅጂው ወደ ማግኔቲክ ቴፕ ሄደ። ቴፕ እንዲያውም ከዲስክ ይቀድማል፤ ዩኒቫክ በ1951 የብረት ቴፕ ይዞ ወጥቷል፤ አይቢኤምም በቀጣዩ ዓመት የፕላስቲኩን ይዞ ተከተለ። ቴፕ ከዲስክ ይረክሳል፤ ከማሽኑ ወልቆ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ርካሽ ነው ማለት ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። በየቀኑ በአዲስ ቴፕ የሚቀዳ መሥሪያ ቤት በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን ሙሉ ጥቅል ይዞ ይቀራል። መውጫው አንድ ነው፦ በአሮጌው ላይ ደርቦ መቅዳት። ግን በየትኛው?

ለዚህ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ያወጡት ሥርዓት ስሙ እኛን ፈገግ ሳያሰኘን አይቀርም፤ «አያት፣ አባት፣ ልጅ» ይባላል። በመጀመሪያው መልኩ እንዲህ ነበር። ዛሬ የተሠራው ፋይል ልጅ ነው፤ ልጁ የተወለደበት የትናንቱ ፋይል አባት፤ የከትናንት ወዲያው አያት። ነገ አዲስ ልጅ ሲወለድ ሁሉም አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ቅድመ አያት ለመሆን የደረሰው ቴፕ ግን ይደመሰስና ለአዲሱ ልጅ መኝታ ይሆናል። ልጁ ቢበላሽ ከአባቱ እንደገና ይሠራል፤ አባቱም ቢጠፋ ከአያቱ። ኋላ ሥርዓቱ ሰፋና የየቀኑ ቴፕ ልጅ፣ የየሳምንቱ አባት፣ የየወሩ አያት ተባለ።

ቅጽ ስንሞላ የምንጽፈውን አስቡት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስት ክፍት ቦታ ነው የተሰጠን። ቅድመ አያታችን የቱንም ያህል የተከበሩ ሰው ቢሆኑ ቅጹ ላይ ቦታ የላቸውም። ሰባት ቤት መቁጠር የፈለገ ሰው ዘሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ ይጠይቃል እንጂ መታወቂያውን አያገላብጥም። የቴፑም ሥርዓት እንደዚያው ነው። የቅርቡን አጥብቆ ይይዛል፣ የሩቁን ይለቃል፤ ሲለቅም በስህተት ሳይሆን አውቆ ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ኋላ እንፈልገዋለን። ባክአፕ ከጥንቱ ለማስታወስ ብቻ የተሠራ ነገር አይደለም። በሥርዓት ለመርሳትም የተሠራ ነው።

በዚያ ዘመን የሚረሳውን የሚመርጠው ሰው ነበር። ከቴፕ ጥቅሉ ጀርባ ላይ የሚገጠም ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ነበረች፤ ቀለበቷ ከሌለች ማሽኑ በቴፑ ላይ አይጽፍም። አንድ ቴፕ እንዳይደመሰስ የፈለገ ሠራተኛ ቀለበቷን አውልቆ ያስቀምጣል። መርሳትና ማስታወስ በጣት የሚነካ ነገር ነበር ማለት ነው።

በ1970ዎቹ ደግሞ የቤል ላብስ ሰዎች ለዩኒክስ ያዘጋጁት «ደምፕ» የተባለ ፕሮግራም ቦታ የመቆጠቡን ብልሃት በቁጥር አስቀመጠው። ደረጃ 0 ያለውን ሁሉ ይቀዳል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ደረጃዎች ግን ከእነሱ በታች ባለ ደረጃ ከተቀዳበት ጊዜ ወዲህ የተቀየረውን ብቻ ይቀዳሉ። ዛሬ በየቤታችን ያለው የባክአፕ ፕሮግራም ሁሉ የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው፤ አንዴ ሁሉን፣ ከዚያ ለውጡን ብቻ።

ማንም ያልወደደው ሥራ

ኮምፒውተር ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ሰው ቤት ሲገባ ቴፕ የሚቀይር ሠራተኛ አብሮ አልመጣም። ሲጌት በ1980 ለትናንሽ ኮምፒውተሮች ያወጣው ሀርድ ዲስክ የሚይዘው 5 ሜጋባይት ነበር፤ ያ ቶን የሚመዝነው የራማክ ዲስክ የሚይዘውን ያህል መሆኑ ነው። ይህን በጥቂት ፍሎፒዎች መቅዳት ይቻል ነበር። ሀርድ ዲስኩ ግን አደገ፣ ፍሎፒዋ 1.44 ሜጋባይት ላይ ደርሳ ቆመች። በ1990ዎቹ አጋማሽ 500 ሜጋባይት ዲስክ የነበረው ሰው ሁሉን ልቅዳ ካለ 350 ገደማ ፍሎፒ ያስፈልገዋል። አንዷን አስገብቶ፣ ጠብቆ፣ አውጥቶ፣ ቁጥር ጽፎባት ሌላዋን ማስገባት። ይህን የሚያደርግ ቅዱስ ብቻ ነው።

አዮሜጋ በ1995 ለገበያ ያቀረበው ዚፕ ድራይቭ በአንድ ጊዜ 100 ሜጋባይት ይይዝ ስለነበር ለጥቂት ዓመታት ነገሩን አቀለለው። ከዚያ ሲዲ መጣ። እኛም ፋይላችንን «ሲዲ ላይ ራይት» እያስደረግን በላዩ ላይ በማርከር ቀን እየጻፍን የደረደርንበት ጊዜ አለ። ያ ሲዲ አንዴ ከተጻፈበት አይደመሰስም። ስለዚህ ማን ይውጣ የሚለው ጥያቄ ለጊዜው ጠፋ፤ በምትኩ የሲዲ ክምር መጣ፤ ከክምሩ ውስጥ የሚፈልጉትን ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ።

ሁኔታውን የቀየረው ዩኤስቢ ነው። የ1996ቱ ዩኤስቢ በሰከንድ ከ1.5 ሜጋባይት በላይ ማስተላለፍ አይችልም ነበር፤ በዚህ ፍጥነት 100 ጊጋባይት ለመቅዳት ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የ2000ው ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ 40 እጥፍ ፈጠነ። ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ የተራ ሰው ዕቃ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2007 ሂታቺ የመጀመሪያውን አንድ ቴራባይት ዲስክ አስተዋወቀ። ጎተራው አሁን ሰፊ ነው። የቀረው ቅዱስ ያልሆነው ሰው ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሥራውን ከሰው ነጥቆ ለማሽን መስጠት ነው።

ቦታ ሲያልቅ ዝም ያለው ማሽን

ሥራውን ለማሽን መስጠት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን ትልልቆቹ ድርጅቶች ቀድመው ቀምሰውት ነበር። የታወቀው ታሪክ የፒክሳር ነው። በ1998 «ቶይ ስቶሪ 2» በመሠራት ላይ ሳለ አንድ ሰው ፊልሙ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ «ሁሉንም አጥፋ» የሚል አጭር ትዕዛዝ ሰጠ። ከፊልሙ ሠራተኞች አንዱ የነበረው ኦረን ጃኮብ ኋላ እንደተናገረው፣ የዉዲ ፋይሎች በዓይናቸው ፊት ቁጥራቸው እየቀነሰ ሄደ። ማሽኑን ነቅለው እስኪያስቆሙት ድረስ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የፊልሙ ሥራ ጠፋ።

ችግር የለም፣ ባክአፕ አለ ተባለ። ባክአፑ ሲታይ ግን ለአንድ ወር ገደማ ሲበላሽ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የእኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ፋይሎቹ አድገው ማስቀመጫው ከሚችለው 4 ጊጋባይት ወሰን ደርሰዋል። ማሽኑ ስህተቱን የሚመዘግብበት ፋይልም የሚቀመጠው እዚያው በሞላው ቦታ ላይ ነበር፤ ስለዚህ «ሞልቻለሁ» ብሎ የሚጽፍበት ቦታ እንኳን አላገኘም። መዝገቡ ባዶ ስለነበር የሚያየው ሰው ሁሉ ሰላም ነው ብሎ አለፈ።

ፊልሙን ያተረፈችው ከዋና ባለሙያዎቹ አንዷ ጌይሊን ሱስማን ናት። በዚያ ሰሞን ልጅ ወልዳ ቤት ሆና ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ያንን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መኪና ወንበር ላይ በቀበቶ አስረው ወደ ስቱዲዮ ይዘውት ተመለሱ። ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። ከጥቂት ወራት በኋላ ድርሰቱ ደካማ ነው ተብሎ ከዚያ ከተረፈው ሥራ አብዛኛው ተጥሎ ፊልሙ እንደ አዲስ ተሠራና በ1999 ለእይታ በቃ። ሰዎቹ መጣልን አልጠሉም፤ የጠሉት ሳይመርጡ መጣልን ነው።

ይህ የአሮጌ ዘመን ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት በጥር 2017 መጨረሻ የደረሰበትን ይመልከት። አንድ ባለሙያ ሌሊት ላይ የተሳሳተ ማሽን ውስጥ ገብቶ 300 ጊጋባይት ገደማ መረጃ ደመሰሰ። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ በሚያስተማምን ሁኔታ ሲሠራ የተገኘ ግን አንድም አልነበረም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ጊትላብ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ራሱ ጽፎ ለሕዝብ አውጥቶታል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

ሦስት ስም ያለው አንድ ሰው

ወደ ቤታችን ኮምፒውተር እንመለስ። አፕል በነሐሴ 2006 አስተዋውቆ በጥቅምት 2007 ከሌፐርድ ጋር ያወጣው «ታይም ማሽን» የባክአፕን ሥራ ከሰው እጅ ሙሉ በሙሉ ለመውሰድ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ነበር። ኤክስተርናሉን ትሰካላችሁ፤ «ለባክአፕ ልጠቀምበት?» ይላችኋል፤ እሺ ካላችሁ አለቀ።

በሆዱ ያለው ሥርዓት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ላለፉት 24 ሰዓታት በየሰዓቱ የተቀዳውን ይይዛል፤ ላለፈው አንድ ወር በየቀኑ አንድ፤ ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ በየሳምንቱ አንድ። ዲስኩ ሲሞላ በዕድሜ ትልቁን ይጥላል። የሰዓቱ ልጅ፣ የቀኑ አባት፣ የሳምንቱ አያት። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የቴፕ ክፍል ሕግ በሚያምር ስክሪን ተሸፍኖ ቤታችን ገባ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ቀለበቷን የሚያወልቅ ሰው የለም።

በየሰዓቱ እየቀዳ ዲስኩን በአንድ ቀን የማይሞላውስ እንዴት ነው? እዚህ ላይ ከዩኒክስ የተወረሰ «ሀርድ ሊንክ» የሚባል ዘዴ አለ። አንድ ሰው በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል፣ በትምህርት ቤት ዳዊት፣ በሰፈር ማሙሽ ሊባል ይችላል። ስሙ ሦስት፣ ሰውየው አንድ ነው፤ ምሳ የሚበላውም አንዴ ነው። ታይም ማሽንም በየሰዓቱ አዲስ ፎልደር ሲፈጥር ያልተቀየሩትን ፋይሎች ስማቸውን ብቻ ይጽፋል፤ አካላቸው ዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ነው ያለው። እያንዳንዱ ፎልደር ሙሉ ይመስላል፤ ቦታ የሚበላው ግን አዲሱ ብቻ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር ይገለጥለታል። ዲስኩ ሞላ ብሎ ሃያ አሮጌ ባክአፕ ያጠፋ ሰው የተለቀቀለት ቦታ ኢምንት ሆኖ ሲያገኘው ይበሳጫል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሙሽ የሚለውን ስም ብትሰርዙ ሰውየው አልሞተም። ቦታው የሚለቀቀው የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ ብቻ ነው።

ዘዴው ድካምም ነበረው። መለኪያው ፋይል ስለሆነ ከአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቀየር ፋይሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይቀዳል። ኢሜይሉን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚያጭቅ ፕሮግራም ወይም 10 ጊጋባይት የሚሆን ቨርችዋል ማሽን ያለው ሰው በየሰዓቱ 10 ጊጋባይት ይሄድበታል፤ በ24 ሰዓት 240። በ2020 ከወጣው ቢግ ሰር ወዲህ ታይም ማሽን በአዲሱ የአፕል የፋይል ሥርዓት ላይ መቅዳት በመቻሉ ይህ ችግር ቀለለ። በአሮጌው መንገድ ለተዘጋጀ ዲስክ ግን ችግሩ ዛሬም እዚያው ነው።

ባለቤቱን የጠየቀው ዊንዶውስ

ማይክሮሶፍት ለዚሁ ጥያቄ ለየት ያለ መልስ ነበረው። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ሁለት ነገር ይቀዳ ነበር፤ የመላውን ኮምፒውተር ምስልና የሰውየውን ፋይሎች። ምስሉን በተመለከተ ዊንዶውስ ራሱ ቦታውን እንዲያስተዳድር ከተፈቀደለት ከባክአፕ ዲስኩ ከ30 በመቶ በላይ እንዳይወስድ አድርጎ የቆዩትን ይጥላል። ፋይሎቹን ግን በራሱ ሥልጣን አይነካም። ዲስኩ ሲሞላ ባለቤቱ ገብቶ፣ የትኛውን ዘመን ባክአፕ ልሰርዝ ብሎ፣ በእጁ መምረጥ ነበረበት። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው «ፋይል ሂስትሪ»ም ሲጀመር «ለዘላለም አስቀምጥ» በሚለው ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ «ቦታ እስኪያስፈልግ ድረስ» የሚለውን መምረጥ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ሁለቱን አስተያዩ። አንዱ «አትጨነቁ፣ እኔ እጥላለሁ» ይላል። ሌላው «ካላዘዛችሁኝ አልጥልም» ይላል፤ ከዚያ ባለቤቱ ሳይመጣ ሲቀር ሞልቶ ይቆማል። የመጀመሪያው አሮጌውን ያጠፋል፤ ሁለተኛው አዲሱን መቅዳት ያቆማል። የትኛው ይሻላል? ዲስክ የሚያስብ ሰው ሁለቱንም መልስ ሊቀበል ይችላል። አደገኛው ከሁለቱ የትኛው ቤቱ ውስጥ እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው።

ወጥመዱ

አሁን ቃል የገባነውን ወጥመድ እናሳይ። ላፕቶፓችሁ 128 ወይም 256 ጊጋባይት ነው እንበል። ፎቶና ቪዲዮ ሞላው። እንግዲህ ባክአፕ አለኝ ብላችሁ የዛሬ ሦስት ዓመት የተመረቃችሁበትን ፎልደር ከላፕቶፑ ላይ ታጠፋላችሁ። ኤክስተርናሉን ከፍታችሁ ስታዩ ፎቶዎቹ አሉ። ደስ አላችሁ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ፎቶዎቹ ያሉት በአሮጌ ባክአፖች ውስጥ ብቻ ነው። ከእንግዲህ በሚቀዳው ውስጥ አይገቡም፤ ምክንያቱም ላፕቶፑ ላይ የሉም። በየሳምንቱ ወደ አያትነት፣ ከዚያም ወደ ቅድመ አያትነት ይገፋሉ። ዲስኩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ ማን ነበር? ፕሮግራሙ ክፉ አይደለም፤ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየውን ሕግ በታማኝነት እየፈጸመ ነው። ሕጉን ያላወቀው ሰው ግን የኮምፒውተሩ መስታወት የሆነውን ዲስክ እንደ ሣጥን ቆጠረው። መስታወት ፊት ለፊቱ የቆመውን ያሳያል፤ ሰውየው ሲሄድ ምስሉ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል።

ይህንኑ ሕግ ለክፋት የሚጠቀሙም መጡ። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ 150 ገደማ አገሮችን ሲያዳርስ የሰውን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ዊንዶውስ በውስጡ የሚያስቀምጣቸውን የቀድሞ ቅጂዎች ይሰርዛል፤ በዚያ ሰዓት ተሰክቶ የተገኘውን ኤክስተርናልም ይቆልፋል። የዚህ ዓይነት ቫይረስ ዲስኩን ባይነካው እንኳን፣ የተቆለፈው ፋይል ለባክአፑ «አዲስ የተቀየረ ፋይል» ነው። ልጅ ሆኖ ይገባል፤ ዲስኩን ይሞላል፤ ደህናውን አያት ያስወጣል። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ ከሌባው ጋር አንድ ክፍል ያድራል።

ከአዲስ አበባ እስከ ኮሌጅቪል

ለዚህ ነው ባለሙያዎች አንድ ዲስክ አይበቃም የሚሉት። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ «3-2-1» የተባለውን ደንብ አስታወቀ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ደንቡ ዛሬ በመላው ዓለም ይጠቀሳል።

«አንዱ ከቤት ውጭ» የሚለው ነገር ግን በአገራችን ከኮምፒውተሩ በፊት ተሠርቶ ያውቃል። በ1973፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካኖቹ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኔሶታ ኮሌጅቪል ካለው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ጋር ተስማምታ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሳት ጀመሩ። ብራናዎቹ በየገዳማቸውና በየቤተ ክርስቲያናቸው ቀሩ፤ ፊልማቸው ግን ባሕር ተሻግሮ ተቀመጠ። ሥራው በደርግ ዘመንም ቀጥሎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ።

ፊልም ላይ ደርቦ መቅዳት አይቻልም፤ አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር አሮጌው አይወጣም። ይህ ባክአፕ ሳይሆን መዝገብ ቤት ነው፤ ልዩነቱም የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። ሌላም ትምህርት አለው። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ኮሌጅቪል ተቀምጠው የፊልሞቹን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ኖሩ፤ በ2021 ያረፉት ያንን ትልቅ ሥራ ትተውልን ነው። ያለ ዝርዝሩ ያ ሁሉ ፊልም ማንም የማያነበው ጥቅል ሆኖ በቀረ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ ሆኖ ብራናዎቹን በኢንተርኔት መመልከት የሚቻለው ፊልሙ ስለተቀመጠ ብቻ ሳይሆን፣ ምኑ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው።

እና ምን ይሁን?

«ትልቅ ዲስክ እገዛለሁ» የሚለው መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል። አፕል ራሱ የባክአፕ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ማስቀመጫ ቢያንስ እጥፍ ይሁን ብሎ ይመክራል፤ ምክሩ ጥሩ ነው። ቦታ ግን ሁልጊዜ እየረከሰ ይሄዳል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ በ2011 ታይላንድ ውስጥ የደረሰው ጎርፍ የሀርድ ዲስክ ፋብሪካዎችን ሲያጥለቀልቅ በዓለም ዙሪያ ዋጋው በአጭር ጊዜ አሻቅቧል። ደግሞም ትልቁ ዲስክ ጥያቄውን ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው። ለአውቶማቲኩ ባክአፕ የራሱን ዲስክ ስጡት፤ ፊልምና ዘፈን አብራችሁ አትጫኑበት። ሲሞላ አሮጌውን የሚጥል ይሁን ወይም የሚቆም፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ዛሬውኑ እዩ። ታይም ማሽን በቀድሞ ስሪቶቹ አሮጌ ባክአፕ ሲጥል እንዲነግራችሁ የሚያደርግ ምርጫ ነበረው፤ ካገኛችሁት አብሩት። ሥራውን ሲጨርስ ንቀሉት። በወር አንዴ አንድ ፋይል መልሳችሁ አውጥታችሁ ክፈቱ፤ ፒክሳርም ጊትላብም ያልሠራ ባክአፕ ይዘው የቆዩት በጊዜው ከፍተው ስላላዩት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚሽከረከረውንና የማይሽከረከረውን ለዩ። እየሠራችሁበት ያለው ሰነድ፣ የዛሬው ረቂቅ፣ የትናንቱ ሂሳብ ለአያት፣ አባት፣ ልጅ ይተው፤ ሥርዓቱ የተሠራው ለእሱ ነው። የምርቃቱ ፎቶ፣ የአያታችሁ ድምፅ፣ የጨረሳችሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ሌላ ዲስክ ላይ፣ በሁለት ቅጂ፣ ዝርዝሩ ተጽፎ፣ አንዱ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ከላፕቶፑ ላይ ማጥፋት የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።